ቅዱስ ዮሴፍ ሞስካቲ፤ የናፖሊው ሐኪም

ልጆቻቸው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን አጠናቀው ወደ ሕክምና ወይም ወደ ሌላ የጤና ሙያ ትምህርት በሚገቡበት ጊዜ፣ በየቁምስናችን የሚገኙ ወላጆች ደስታና ሥጋት በአንድነት ይሰማቸዋል። ደስታቸው ልጃቸው ሕሙማንን የሚረዳበት ዕውቀት ሊገበይ በመሆኑ ነው። ሥጋታቸው ደግሞ የብዙ ዓመታት ጥናትና የዕውቀት ኩራት በቤቱ የተማረውን ጸሎት እንዳያስረሱት ነው። ለዚህ ሥጋት ከብዙ ክርክር ይልቅ የአንድ ሰው ሕይወት የተሻለ መልስ ይሰጣል። እርሱም ኢጣሊያዊው ሐኪም ቅዱስ ዮሴፍ፣ በአገሩ አጠራር ጁዜፔ ሞስካቲ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዮሴፍ ጁላይ 25 ቀን 1880 በደቡብ ኢጣሊያ በምትገኘው በቤኔቬንቶ ከተማ ተወለደ። ለወላጆቹ ከዘጠኝ ልጆች ሰባተኛው ነበር። አባቱ ፍራንቼስኮ ሞስካቲ ዳኛ፣ እናቱ ሮዛ ዴ ሉካ ደግሞ ከመኳንንት ወገን ነበሩ። የአባቱ የሥራ ዝውውር ቤተሰቡን በመጀመሪያ ወደ አንኮና፣ በኋላም በ1884 ወደ ናፖሊ ወሰደው። ዮሴፍም ዲሴምበር 8 ቀን 1888 የመጀመሪያ ቅዱስ ቁርባኑን ተቀበለ።

የዳኛ ልጅ እንደ መሆኑ የሕግ ትምህርት ይመርጣል ተብሎ ቢታሰብ አያስገርምም ነበር። ነገር ግን ታላቅ ወንድሙ አልቤርቶ፣ የመድፈኛ ጦር መኮንን ሳለ፣ ከፈረስ ወድቆ ራሱ ላይ ክፉኛ ተጎዳ፤ ከዚያም በኋላ በሚጥል በሽታ ይሠቃይ ጀመር። ገና ተማሪ የነበረው ዮሴፍ ለዓመታት በወንድሙ አልጋ አጠገብ እየተቀመጠ አስታመመው። የሰው ሥጋ ምን ያህል ደካማ እንደ ሆነ፣ የሐኪምም ዕውቀት እስከ የት እንደሚደርስ ከመጽሐፍ አስቀድሞ ያየው በዚያ አልጋ አጠገብ ነበር።

በ1897 በናፖሊ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ክፍል ገባ። በዚያው ዓመት መጨረሻ አባቱ በድንገተኛ ሕመም ዐረፉ። በዚያ ዘመን በብዙ የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች የሚዳሰሰውንና የሚመዘነውን ብቻ ማመን የሊቅነት ምልክት ተደርጎ ይቆጠር ነበር፤ ናፖሊም ከዚህ ነፋስ ነፃ አልነበረችም። ወጣቱ ግን እምነቱን ለማዳን ሲል ከትምህርት አልሸሸም፤ ትምህርቱንም ምክንያት አድርጎ ከቅዳሴ አልቀረም። ከስድስት ዓመት ጥናት በኋላ ኦገስት 4 ቀን 1903 በከፍተኛ ማዕረግ ተመረቀ። የመመረቂያ ጽሑፉ ጉበት ዩሪያ የተባለውን ንጥረ ነገር እንዴት እንደሚሠራ የሚመረምር ነበር። በማግስቱ ዓመት አልቤርቶ ሞተ። ዮሴፍ ሐኪም ሆኖ ሳለ ወንድሙን ማዳን አልቻለም። ይህ ኀዘን ግን ሙያውን አላስጠላውም።

በኤፕሪል 1906 የቬሱቪዮ እሳተ ገሞራ ፈነዳ። በተራራው ግርጌ በቶሬ ዴል ግሬኮ ሽማግሌዎችና ሽባዎች የሚታከሙበት አንድ ሆስፒታል ነበር። ሞስካቲ ወደዚያ ገሥግሦ ሕሙማኑን በፍጥነት አስወጣ። የመጨረሻው ሕመምተኛ ከወጣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ጣራው ከአመዱ ክብደት የተነሣ ተደረመሰ። በኋላም አብረውት ለደከሙት ሰዎች ሽልማት እንዲሰጥ ለአለቆቹ ጽፎ ሲጠይቅ፣ የራሱ ስም እንዳይነሣ ለመነ።

በ1911 ናፖሊን ኮሌራ ባስጨነቃት ጊዜ፣ የበሽታውን ምንጭ በሚመረምረው የሕዝብ ጤና ላቦራቶሪ አገለገለ። በዚያው ዓመት ከባድ የውድድር ፈተና አልፎ በሆስፒታሎቹ የረዳት ሐኪምነት ሥልጣን አገኘ፤ ፊዚዮሎጂያዊ ኬሚስትሪ ለማስተማርም ፈቃድ ተሰጠው። በ1914 እናቱ በስኳር በሽታ ዐረፉ፤ በዚያን ጊዜ ለዚህ በሽታ ፍቱን መድኃኒት አልነበረም። ኢንሱሊን ከተገኘ በኋላ ግን በናፖሊ በመጀመሪያ ከተጠቀሙበት ሐኪሞች አንዱ ሞስካቲ ሆነ። እናቱን ሊያድን ያልቻለው ልጅ የሌሎችን እናቶች ለማዳን ማጥናቱን ቀጠለ።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ወደ ሦስት ሺህ የሚጠጉ ወታደሮችን አከመ። ከዚያም በ1919 ኢንኩራቢሊ፣ ማለትም «የማይድኑ ሕሙማን» በሚል ስም በሚጠራው ታላቅ ሆስፒታል የአንድ ክፍል ኃላፊ ሆነ። ተማሪዎቹን ከአልጋ ወደ አልጋ እያስከተለ ያስተምር ነበር። በሽተኛውን እንደ በሽታ ስም ሳይሆን እንደ ሰው እንዲያዩት፣ ሥጋውን ሲያክሙም ነፍስ ያለው መሆኑን እንዳይዘነጉ ያሳስባቸው ነበር። የሕመሙን ምንጭ በትክክል በመለየት ዝናው በጣም የታወቀ ስለ ነበር፣ ታዋቂ ሰዎችም ይፈልጉት ነበር።

ዕለቱን የሚጀምረው በቅዳሴና በቅዱስ ቁርባን ነበር። ከዚያም የድሆችን ቤት ይጎበኛል፤ ወደ ሆስፒታሉ ይሄዳል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በቤቱ ሕሙማንን ይቀበላል። ከድሆች ገንዘብ አይቀበልም ነበር፤ እንዲያውም የመድኃኒት መግዣ ገንዘብ ከማዘዣው ወረቀት ጋር አጥፎ የሚሰጥበት ጊዜ ነበር። ሚስት አላገባም፤ ቤቱን የምትጠብቅለትና በምጽዋቱ የምትተባበረው እኅቱ ኒና ነበረች።

ኤፕሪል 12 ቀን 1927፣ የሰሙነ ሕማማት ማክሰኞ፣ እንደ ልማዱ ቅዱስ ቁርባን ተቀበለ፤ በሆስፒታልም ሕሙማኑን ጎበኘ። ከሰዓት በኋላ በቤቱ ሲያክም ድካም ስለ ተሰማው ወደ ክፍሉ ገባ፤ በወንበሩም ላይ እንደ ተቀመጠ በ46 ዓመቱ በሰላም ዐረፈ። ዐፅሙ በናፖሊ በጄዙ ኑኦቮ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛ በ1975 ብፅዕናውን አወጁ። ኦክቶበር 25 ቀን 1987 ደግሞ፣ ጳጳሳት ስለ ምእመናን ጥሪና ተልዕኮ ሲኖዶስ ተቀምጠው ሳለ፣ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ ቅዱስ ብለው ሠየሙት። በዓሉም ኖቬምበር 16 ቀን ይከበራል።

ሞስካቲ ካህን ወይም መነኩሴ አልነበረም። በፈተና የተቀመጠ፣ ለሥራ የተወዳደረ፣ ሌሊት መጽሐፍ የገለጠ ምእመን ነበር። ለእርሱ በትጋት ማጥናት ራሱ የፍቅር ሥራ ነበር፤ በስንፍና ያልተማረ ሐኪም ልቡ የቱንም ያህል ቢራራ ሕመምተኛውን ሊጎዳው ይችላልና። ስለዚህ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ለጤና ሙያ የሚዘጋጁትን ወጣቶች ስትሸኙ፣ ጸሎታችሁን አትርሱ ብላችሁ ብቻ አትሸኟቸው፤ ትምህርታችሁንም በሚገባ ተማሩ በሏቸው። ወላጆችም ልጆቻችሁን ያለ ፍርሃት ባርካችሁ ላኩ። ቅዱስ ዮሴፍ ሞስካቲ ስለ እነርሱ ይለምን። አሜን።