የምስጢር ጽሑፍ ፈቺው አል ኪንዲ

በዚህ ዓመት መጽሔታችን የሕይወት ታሪኩን ላቀርብላችሁ የመረጥሁት ሰው ፈላስፋው አል ኪንዲ ነው። ካረፈ ከሺህ ዓመት በላይ ቢሆነውም፥ ያገኘው ብልኀት ዛሬ በኮምፒዩተር የምናስቀምጠውን ምስጢር ይነካልና ታሪኩ ይጠቅመናል ብዬ አምናለሁ። ዓመቶቹን የምጽፈው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ሙሉ ስሙ አቡ ዩሱፍ ያዕቁብ ኢብን ኢስሐቅ አል ኪንዲ ሲሆን፥ በ801 ዓ.ም. ገደማ በኢራቅ አገር በኩፋ ከተማ ተወለደ። አባቱ የኩፋ አገረ ገዥ ነበረ። አል ኪንዲ በባግዳድ ከተማረ በኋላ፥ በኸሊፋው በአል ማእሙን ዘመን የግሪክን መጻሕፍት ወደ ዐረብኛ ከሚያስተረጕሙት ሊቃውንት ጋራ ተቈጠረ። ቀጥሎ የነገሠው አል ሙዕተሲምም የልጁ አስተማሪ አደረገው። ስለ ፍልስፍና፥ ስለ ሒሳብ፥ ስለ ሕክምና፥ ስለ ዜማ፥ ስለ ሽቱ አሠራር ሳይቀር ከ200 የሚበልጡ ድርሳናትን ጻፈ።

ከነዚህም አንዱ ስለ ምስጢር ጽሑፍ አፈታት የሚናገረው ነው። በዚያ ዘመን ምስጢር ለመጻፍ የፈለገ ሰው ብዙውን ጊዜ እያንዳንዱን ፊደል በሌላ ፊደል ወይም በምልክት ይተካ ነበር። አል ኪንዲ ግን ፊደል መልኩን ቢለውጥ ልማዱን እንደማይለውጥ አስተዋለ። በማናቸውም ቋንቋ አንዳንዱ ፊደል ይበዛል፥ አንዳንዱ ያንሳል። በእኛ አማርኛ እንኳ ን እና ት በየመስመሩ ይመላለሳሉ፤ ጰ ግን ብዙ ገጽ ተነቦ ላይገኝ ይችላል። እንግዲህ በዚያው ቋንቋ የተጻፈ ሌላ ረዥም ጽሑፍ ተወስዶ ፊደሎቹ ይቈጠራሉ፤ የምስጢሩም ምልክቶች ይቈጠራሉ። ከዚያም የበዛው ምልክት በበዛው ፊደል፥ ያነሰውም ባነሰው እየተተካ ጽሑፉ ይፈታል።

አል ኪንዲ በስተርጅናው መከራ አገኘው። በአል ሙተወኪል ዘመን ተቀናቃኞቹ አሳጥተውት ተደበደበ፥ መጻሕፍቱም ተወረሱበት፥ በኋላ ግን ተመለሱለት ይባላል። በ873 ዓ.ም. ገደማ በባግዳድ ሞተ። የምስጢር ድርሳኑም ለብዙ ዘመን ተሰውሮ ኖሮ፥ በኢስታንቡል በሱለይማንዬ ተገኝቶ በ1987 ዓ.ም. በደማስቆ ታተመ።

ይህ የጥንት ቈጠራ ከዛሬው ኑሮ ጋራ የሚገናኘው እንዲህ ነው። ብዙ ሆስፒታሎች የሕሙማንን መዝገብ ክላውድ በሚባለው ማከማቻ፥ ማለት ሌላ ድርጅት በሚጠብቃቸው በሩቅ ባሉ ኮምፒዩተሮች ያስቀምጣሉ። ድርጅቱ እንዳያነበውም መዝገቡ በምስጢር ይቈለፋል። ዳሩ ግን ሐኪሙ የስኳር ሕሙማንን ለይቶ ለማግኘት ቢፈልግ፥ መዝገቡን ሁሉ አስመጥቶ መፍታት አድካሚ ነው። ስለዚህ በ2000 ዓ.ም. ሦስት ተመራማሪዎች የተቈለፈው ሳይከፈት ቃል የሚፈለግበትን ዘዴ አሳተሙ። ሐኪሙ የሚፈልገውን ቃል በራሱ ቍልፍ ወደ ምስጢር ለውጦ ይልካል፤ ኮምፒዩተሩም የቃሉን ትርጕም ሳያውቅ የሚገጥመውን መዝገብ ፈልጎ ይመልሳል።

ነገር ግን አንድ ቃል ሁልጊዜ በአንድ ምልክት ከተተካ የአል ኪንዲ ቈጠራ ይሠራበታል። የበዛው ምልክት የበዛው በሽታ ነው ብሎ መገመት ይቻላልና። በ2015 ዓ.ም. ተመራማሪዎች በአሜሪካ ሆስፒታሎች መረጃ ላይ ይህንኑ ሞክረው፥ የብዙ ሕሙማን ምስጢር በዚህ መንገድ ሊታወቅ እንደሚችል አሳዩ። ስለዚህ የዛሬ ሊቃውንት አንዱ ቃል በየጊዜው ልዩ ልዩ መልክ እንዲይዝ፥ የፍለጋውም ብዛት እንዳይታወቅ ይደክማሉ። ጥበቃው በጠነከረ መጠን ግን ፍለጋው ይዘገያል፥ ወጪውም ይጨምራል።

እኔ ከዚህ ታሪክ የተረዳሁት፥ የሰውን ምስጢር በአደራ የያዘ ሁሉ ከቈለፈ በኋላ ደግሞ በውጭ የቆመ ሰው ቈጥሮ ምን ሊያውቅ እንደሚችል መመርመር እንዳለበት ነው። የተቈለፈው መዝገብ የእናታችን ወይም የወንድማችን ሕመም ሊሆን ይችላል። ከመካከላችንም ነገ ሐኪም፥ የመዝገብ ሹም ወይም የኮምፒዩተር ባለሙያ የሚሆን አይጠፋምና፥ የሒሳብ ትምህርታችንን በትጋት እንድንከታተል ጓደኞቼን አሳስባለሁ።