ባለ ዛሩን ያልናቁት የካርቱም ሐኪም፣ ቲጃኒ አል ማሒ

ሰው ሲጨነቅ ሆዱን ለምን ይቆርጠዋል? ሐዘን የጸናበት ሰው አንዳች ቁስል ሳይኖርበት እግሩ አልታዘዝ የሚለው ለምንድን ነው? በጎንደርም ሆነ በኦምዱርማን፣ ለእንዲህ ያሉ ጥያቄዎች ብዙዎች ለዘመናት የሰጡት መልስ አንድ ነበር፦ ዛር። ሱዳናዊው ሐኪም ቲጃኒ አል ማሒ ይህን መልስ እንዳለ አልተቀበሉትም፤ አልሳቁበትምም።

የተወለዱት በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1911 በነጭ ዓባይ ዳርቻ በምትገኘው አል ካዋ ነው። በ1924 ካርቱም ውስጥ በተከፈተው የኪችነር የሕክምና ትምህርት ቤት ተምረው በ1935 ተመረቁ። በልዩ ልዩ የመንግሥት ሆስፒታሎች ካገለገሉ በኋላ ወደ ለንደን አቅንተው በ1949 በአእምሮ ሕክምና ዲፕሎማ ተቀበሉ። በአገራቸው የመጀመሪያው፣ በአፍሪካም ከፈር ቀዳጆቹ አንዱ የአእምሮ ሐኪም ሆኑ።

በ1950 በሰሜን ካርቱም የነርቭ ሕመሞች ክሊኒክ አቋቋሙ። የስሙ አመራረጥ ራሱ ብልኃት ያለበት ይመስላል፤ ወደ እብዶች ቤት ለመግባት የሚያፍር ሰው ነርቩን ለመታከም ላያፍር ይችላልና። ያን ጊዜ አእምሮው የታወከ ሰው ዕጣው ብዙውን ጊዜ ሰንሰለት ወይም ወህኒ ቤት ነበር። ክሊኒኩ ግን ሕመምተኛው ከቤተሰቡ ሳይለይ እየተመላለሰ እንዲታከም በር ከፈተ።

ዶክተሩ ብዙም ሳይቆዩ አንድ ነገር ተረዱ። ወደ እርሳቸው የሚመጣው ሰው አስቀድሞ ሼህ ዘንድ ሄዷል፤ ወይም ዛር ቤት ገብቷል። ለንደን የተማረ ሐኪም ይህን እንደ ድንቁርና ቆጥሮ ቢያልፈው አይገርምም ነበር። እርሳቸው ግን ሼሆቹን ፈልገው አነጋገሩ፣ የዛሩን ሥርዓት አጠኑ፣ ከባህል ሐኪሞችም ጋር ተባብረው ሠሩ።

የሱዳን ዛር ለእኛ ባዕድ አይደለም። ከበሮው፣ ዕጣኑና ቡናው አለ፤ መናፍስቱም በየወገን ሲከፈሉ ከመካከላቸው ሐበሻ የሚባሉ ይገኙበታል። በብዛት የሚታደሙት ሴቶች ናቸው። በቤቷ ቀና ብላ መናገር የማትችል ሴት እዚያ ትናገራለች፤ ባሏና ዘመዶቿም ለዛሩ ሲሉ ይሰሟታል። አል ማሒ በዚህ ውስጥ ያዩት የሥነ ልቦና ሕክምናን ነው።

ነገሩ በሰውነታችን አሠራርም ይገለጣል። ጭንቀት ሲበረታ ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች አድሬናሊንና ኮርቲሶል ያመነጫሉ። ልብ ይፈጥናል፣ ጡንቻ ይወጠራል፣ የሆድ ዕቃ ሥራ ይዛባል። አንዳንዴም ነርቩ ሳይጎዳ አንጎል እግርን የሚያዝበት መንገድ ይታወካል። ሕመምተኛው እያስመሰለ አይደለም፤ በእርግጥ መራመድ አቅቶታል። ሰው ሲሰማውና ሲያጽናናው፣ ጭንቀቱም ሲረግብ ሊሻለው ይችላል።

ሁሉም ሕመም ግን እንዲህ አይደለም። የሚጥል በሽታ በከበሮ አይድንም፤ መድኃኒት ያሻዋል። የባህል ሐኪሞችን መቅረብም የራሱ ጣጣ ነበረው፤ በአንዳንዶቹ ዘንድ ሕመምተኛን በሰንሰለት ማሰር ከአል ማሒ ሞት በኋላም አልቀረም። ይሁንና ሼሁን ያራቀ ሐኪም ሕመምተኛውንም ያርቃል፤ ለአንድ አገር ሙሉ በጣት የሚቆጠሩ ሐኪሞች በነበሩበት ዘመን ደግሞ ሌላ የተሻለ መንገድ መኖሩ ያጠራጥራል።

ከ1959 ጀምሮ በዓለም ጤና ድርጅት የምሥራቅ ሜዲትራንያን ቀጣና የአእምሮ ጤና አማካሪ ሆነው ሠሩ። በጥቅምት 1964 የሱዳን ሕዝብ የጄኔራል ኢብራሂም አቡድን ወታደራዊ አገዛዝ በአደባባይ ሲጥል፣ አገሪቱን በርዕሰ ብሔርነት ከመሩት አምስት የምክር ቤት አባላት አንዱ ለመሆን በቁ። ሥልጣኑ ከአንድ ዓመት ያነሰ ነበር፤ ብዙም የናፈቃቸው አይመስልም። ከፖለቲካ ይልቅ መጽሐፍ ይወዱ ነበርና። ስለ ዓረብ ሕክምና ታሪክ ጽፈዋል፤ በዕድሜ ልክ ያሰባሰቧቸው መጻሕፍትና ብርቅ የእጅ ጽሑፎችም ለካርቱም ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ተሰጥተዋል።

በጥር 1970 ሲያርፉ ስድሳ ዓመት አልሞላቸውም። በኦምዱርማን የሚገኘው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል በስማቸው ይጠራል።

ሚያዝያ 2023 የተቀሰቀሰው ጦርነት የመዲናዪቱን ሆስፒታሎች አብዛኞቹን ከሥራ ውጭ አደረገ፤ ብዙ ቤተሰቦችም በመተማ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ተሰደዱ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው፣ ግጭት ባለበት አካባቢ ከሚኖሩ አምስት ሰዎች አንዱ ያህል የአእምሮ ጤና ችግር አለበት። ከእነዚህ መካከል ብዙዎቹ ወደ ጤና ጣቢያ የሚመጡት ሆዴን ቆረጠኝ ወይም ደረቴን ወጋኝ ብለው ነው።