ልዑል ዓለማየሁ በጥንቱ ካሜራ ፊት



የጥንት ካሜራ እየፈለጉ የሚሰበስቡ፣ እየጠገኑ የሚጠቀሙበትና በአሠራሩ የሚደሰቱ ሰዎች በዓለም ላይ ብዙ ናቸው። ከእንጨትና ከናስ የተሠራውን፣ ባለ ቆዳ ማናፈሻውን፣ በኋላም ፊልም የሚጎርሰውን ካሜራ በእጃቸው ይዘው ሌንሱን ያጸዳሉ፤ መዝጊያውንም እያስጮሁ ያዳምጣሉ። ይህ ደግ ልማድ ነው። ነገር ግን ፎቶግራፍ በተነሣ ቁጥር ሁለት ሰዎች እንዳሉ መዘንጋት አይገባም፤ አንደኛው ከካሜራው በስተኋላ የሚቆመው ነው፤ ሁለተኛው ከፊት ለፊቱ የሚቀመጠው ነው። የመጀመሪያው ስሙ በሥዕሉ ግርጌ ይጻፍለታል። የሁለተኛው ታሪክ ግን ብዙ ጊዜ ይረሳል። ስለዚህ እኛ በዚህ የትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ላይ የምናቀርበው፣ ከካሜራው ፊት ስለ ተቀመጡት ስለ ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ ሕይወት ነው።

ታሪኩ ለእኛ ለጋሸና ልጆች ሩቅ አይደለም። ከጋሸና ወደ ምዕራብ የሚሄደው መንገድ ደብረ ታቦር ያደርሳል፤ ወደ ደቡብ በኮን በኩል የሚወርደውም ወደ ደላንታና ወደ መቅደላ አቅጣጫ ይወስዳል። ልዑሉ የተወለዱት በአንደኛው ጫፍ፣ የተማረኩትም በሌላኛው ጫፍ ስለ ሆነ እኛ የምንኖረው በሁለቱ መካከል ነው።

ልዑል ዓለማየሁ በሚያዝያ 16 ቀን 1853 ዓ.ም. በደብረ ታቦር ተወለዱ። አባታቸው ዳግማዊ ዐፄ ቴዎድሮስ፣ እናታቸውም የሰሜኑ ገዢ የደጃዝማች ውቤ ልጅ እቴጌ ጥሩወርቅ ነበሩ። ዐፄ ቴዎድሮስ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ውቤን በደረስጌ ድል ካደረጉ በኋላ ዘውድ ጭነው ነበርና፣ ሕፃኑ የድል አድራጊውና የተሸናፊው ቤት የተገናኙበት ልጅ ነበሩ ማለት ይቻላል።

ዐፄ ቴዎድሮስ የእንግሊዝን ቆንስልና ሌሎች አውሮፓውያንን በማሰራቸው ምክንያት፣ በ1860 ዓ.ም. በጄኔራል ሮበርት ናፒየር የሚመራ ጦር ከሕንድ ተነሥቶ በዙላ ወደብ ወረደ። በዚያው ዓመት ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት የተሠራውን ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ ከደብረ ታቦር እያስጎተቱ፣ ገደሉን እያስናዱና መንገድ እያስጠረጉ፣ በወድላ ደጋ አድርገው የጅጣን ሸለቆ ተሻግረው መቅደላ ገቡ። የናፒየር ጦርም ከሰሜን ላስታን አቋርጦ ወደ ወድላ ደጋ ወጣና፣ ንጉሠ ነገሥቱ ባስጠረጉት መንገድ ተከትሎ ወረደ።

ከዚህ ጦር ጋር ዝሆኖች፣ በቅሎዎችና መድፎች ብቻ አልመጡም። የእንግሊዝ ንጉሣዊ መሐንዲሶች ጦር ፎቶግራፍ አንሺዎችም ነበሩበት። ሥራቸው የመንገዱን ካርታ በፎቶግራፍ ማባዛትና አገሩን፣ ሰፈሩንና ሰዎቹን ማንሣት ነበር። ወደ አገራችን ደጋ ከወጡት ቀደምት ካሜራዎች መካከል እነዚህ ይገኙበታል።

እዚህ ላይ የዚያን ዘመን ካሜራ አሠራር ለአንባቢ ማስረዳት ይገባናል፤ የልዑሉን ፎቶግራፎች በትክክል ለመመልከት ይህን ማወቅ ያስፈልጋልና። በዚያን ጊዜ ፊልም የሚባል ነገር አልነበረም። ፎቶግራፍ አንሺው በአሲድ የተነከረ ጥጥ በኤተርና በአልኮል ሟሙቶ የሚገኘውን ኮሎዲዮን የተባለ ፈሳሽ ጨው ቀላቅሎበት በመስታወት ላይ ያፈሳል፤ ከዚያም መስታወቱን በጨለማ ውስጥ በብር ናይትሬት ውኃ ይነክረዋል። መስታወቱ ሳይደርቅ በካሜራው ውስጥ ገብቶ ፎቶግራፉ መነሣት፣ ወዲያውም በጨለማ መታጠብ አለበት፤ ከደረቀ ብርሃን መቀበሉን ይተዋል። ስለዚህ ፎቶግራፍ አንሺ በሄደበት ሁሉ የጨለማ ድንኳኑን፣ የመድኃኒት ጠርሙሱን፣ የመስታወት ሣጥኑንና ውኃውን አስጭኖ መሄድ ግዴታው ነበር። በገደሉ ላይ አንዲት በቅሎ ብትወድቅ የብዙ ቀን ሥራ አብሮ ይሰበራል። ከመስታወቱ ኔጋቲቭ ሥዕሉ የሚታተመው የእንቁላል ነጭ በተቀባ ወረቀት ላይ፣ በፀሐይ ብርሃን ነበር።

የመቅደላ ጦርነት የተፈጸመው በፋሲካ ሰሞን ነው። በስቅለት ዕለት በአሮጌ ሜዳ ብዙ ኢትዮጵያውያን ወደቁ። በፋሲካ ማግሥት፣ ሰኞ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ የእንግሊዝ ጦር አምባውን ሲይዝ ዐፄ ቴዎድሮስ እጄን ለጠላት አልሰጥም ብለው ራሳቸውን በሽጉጥ ገደሉ። በሕይወት ሳሉ የተነሡት ፎቶግራፍ አይታወቅም። ከጦሩ ጋር የመጣው የብሪቲሽ ሙዚየም ሠራተኛ ሪቻርድ ሆልምስ ግን የሟቹን ፊት በእርሳስ ሣለው። እንግዲህ አባት ያለ ፎቶግራፍ ሞቱ፤ ልጃቸው ግን ከጥቂት ወራት በኋላ በእንግሊዝ አገር ደጋግመው የሚነሡ ሆኑ።

አምባው በተያዘበት ዕለት ልዑል ዓለማየሁ 7 ዓመት ሊሞላቸው 10 ቀን ቀርቷቸው ነበር። የተዘረፈው መጽሐፍ፣ ታቦትና ንዋየ ቅድሳት በዝሆንና በበቅሎ ተጭኖ በደላንታ ሜዳ ላይ በሐራጅ ተሸጠ። እናትና ልጅም ከጦሩ ጋር ወደ ሰሜን ጉዞ ጀመሩ። እቴጌ ጥሩወርቅ ቀድሞውኑ ታመው ነበርና በግንቦት ወር ትግራይ ላይ አርፈው በጨለቆት ተቀበሩ። ልጃቸውን ያስተምሩ የነበሩት አለቃ ዘነብም ብዙ ሳይቆይ እንዲመለሱ ተደረገ። በአጭር ጊዜ ውስጥ አባትን፣ እናትንና አገርን ያጣው ሕፃን ጠባቂ ሆነው የተሰጡት፣ አማርኛ የሚያውቁትና ቀድሞ በዐፄ ቴዎድሮስ ዘንድ ያገለገሉት ካፒቴን ስፒዲ ነበሩ። ኢትዮጵያውያን ባሻ ፈለቀ ይሏቸው ነበር። ልዑሉ በሌሊት ብቻቸውን መተኛት ፈርተው ከካፒቴኑ አጠገብ አልለይም ይሉ እንደ ነበረ ተጽፏል።

በሐምሌ 1860 ዓ.ም. እንግሊዝ አገር ደረሱ። ንግሥት ቪክቶሪያ በዋይት ደሴት በሚገኘው በኦዝቦርን ቤተ መንግሥታቸው ተቀበሏቸው፤ እጅግም አዘኑላቸው። ወዲያውኑ ካሜራዎች ተደረደሩ። በዚያው ደሴት ፍሬሽዎተር በተባለው መንደር ወይዘሮ ጁልያ ማርግሬት ካሜሮን የተባሉ ፎቶግራፍ አንሺ ይኖሩ ነበር። እኒህ ሴት የመጀመሪያ ካሜራቸውን በ48 ዓመታቸው ከልጃቸውና ከአማቻቸው በስጦታ ያገኙ፣ የከሰል ቤቱን ጨለማ ክፍል፣ የዶሮ ቤቱንም ማንሻ ክፍል ያደረጉ ብርቱ ሠራተኛ ናቸው። የዛሬ ካሜራ ሰብሳቢዎችና የፎቶግራፍ ወዳጆች ስማቸውን በታላቅ አክብሮት ያነሣሉ። በዚያ ክረምት ልዑል ዓለማየሁን ለብቻቸው፣ እንዲሁም ከካፒቴን ስፒዲ ጋር ኢትዮጵያዊ ልብስ አልብሰው አነሧቸው።

በእነዚህ ፎቶግራፎች ላይ ልዑሉ አይስቁም፤ ዓይናቸውም ወደ ሩቅ የሚያይ ይመስላል። የሚመለከታቸው ሁሉ ሐዘናቸው ፊታቸው ላይ ተጽፏል ይላል። እኛ ግን የካሜራውን አሠራር ካወቅን በኋላ ነገሩን በጥንቃቄ እንመለከታለን። ወይዘሮ ካሜሮን ትልልቅ መስታወት ይጠቀሙ ስለ ነበረና ብርሃኑም የለሰለሰ ስለ ነበረ፣ ተነሺው ብዙ ሰኮንድ፣ አንዳንድ ጊዜም ደቂቃዎች ሙሉ ሳይንቀሳቀስ መቆየት ነበረበት። ያን ያህል ጊዜ ፈገግታን ጠብቆ መቆየት የሚችል ሰው የለም። ስለዚህ የዚያ ዘመን ብዙ ሰው፣ ባለጸጋውም ደስተኛውም፣ በፎቶግራፍ ላይ ኮስታራ ነው። የልዑሉ ሐዘን እውነት ነው፤ ነገር ግን የምናውቀው ከፎቶግራፉ ሳይሆን ከሕይወታቸው ታሪክ ነው። ፎቶግራፉ የሚነግረን ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም አንድ የሰባት ዓመት ሕፃን በባዕድ አገር፣ ባልመረጡት ቦታ፣ ሌሎች ባዘጋጁት ዐይነት፣ አትንቀሳቀስ ተብለው እንደ ተቀመጡ ነው።

ከዚያ በኋላ ካፒቴን ስፒዲ ለሥራ ወደ ሕንድ ሲሄዱ ልዑሉን ይዘዋቸው ሄዱ። ልጁም ተላምደዋቸው ነበር። ነገር ግን የእንግሊዝ መንግሥት በእንግሊዝ አገር መማር አለባቸው ብሎ ስለ ወሰነ ከካፒቴኑ ተለይተው ተመለሱና፣ በቼልተንሃም በዶክተር ጄክስ ብሌክ ቤት ተቀመጡ። ዶክተሩ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1874 የራግቢ ትምህርት ቤት ኃላፊ ሲሆኑ ልዑሉም ራግቢ ገቡ። እንደ እኛ ደብተር ይዘው ክፍል ገቡ፤ እንደ እኛም ፈተና ተፈተኑ። በትምህርት እምብዛም አልቀናቸውም፤ በጨዋታ ሜዳ ግን የተወደዱ ነበሩ። በ1878 ሳንድኸርስት ወደሚገኘው የጦር ትምህርት ቤት ተላኩ፤ ይሁን እንጂ በዚያ ደስታ አላገኙምና በማግሥቱ ዓመት ወጡ። ከዚያ ወደ ሊድስ ከተማ ሄደው በመምህር ሲሪል ራንሶም ዘንድ እንዲማሩ ተደረገ። በዚያም በብርድ የሳንባ ሕመም ያዛቸው። ሰው መርዝ ያበላኛል ብለው በመፍራት ምግብና መድኃኒት እምቢ ይሉ ነበር ይባላል። በኅዳር 5 ቀን 1872 ዓ.ም. በ18 ዓመታቸው ዐረፉ። በንግሥት ቪክቶሪያም ፈቃድ በዊንድዘር በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ተቀበሩ፤ በቤተ ክርስቲያኑም ውስጥ የናስ መታሰቢያ ተደረገላቸው።

ልዑሉ ካረፉ ከ9 ዓመት በኋላ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1888፣ ጆርጅ ኢስትማን ኮዳክ የተባለውን ባለ ጥቅል ፊልም ካሜራ ለገበያ አወጣ። የመጀመሪያው ካሜራ 100 ፎቶግራፍ የሚያነሣ ጥቅል ተሞልቶበት ይሸጥ ነበር። ቀጥሎ የመጣው ግልጽ ፊልም የተሠራው፣ ኮሎዲዮን ከሚሠራበት ከዚያው በአሲድ ከተነከረ ጥጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ የጨለማ ድንኳን መጫን ቀረ፤ ቀስ በቀስም ማንኛውም ሰው ወንድሙን፣ እናቱንና ጎረቤቱን ራሱ ማንሣት ቻለ። የፊልም ካሜራ ትልቁ ጥቅም ይህ ነው ብለን እናምናለን። ፎቶግራፍ የመኰንንና የባለጸጋ ብቻ መሆኑ ቀርቶ በገዛ ወገን ዓይን መታየት ተቻለ። ልዑል ዓለማየሁ ግን ይህን ዕድል አላገኙም።

ዛሬ በቤቱ የአባቱን ወይም የአያቱን የፊልም ካሜራ ያገኘ ተማሪ ቢኖር እንዲጥለው አንመክርም። በክረምት የደጋችን እርጥበት ሌንሱን ሻጋታ ያስይዘዋልና ከቆዳ ማኅደሩ አውጥቶ በደረቅና አየር በሚገባበት ቦታ ያስቀምጠው፤ ሌንሱን በሻካራ ጨርቅ አይጥረገው፤ መዝጊያውንም አልፎ አልፎ ያንቀሳቅሰው። ፊልም ካገኘም ያንሣበት። በአንድ ጥቅል ላይ ያለው 36 ፎቶግራፍ ብቻ ስለ ሆነ ከማንሣቱ በፊት ማሰብን ይማራል። ከሁሉ በላይ ግን የሚነሣውን ሰው አስቀድሞ ፈቃድ ይጠይቅ፤ በፎቶግራፉም ጀርባ ስሙን፣ ቦታውንና ዕለቱን ይጻፍ። የሰው ፊት ያለ ስሙና ያለ ታሪኩ ሲቀር የዕቃ ያህል ይቈጠራልና።

የልዑል ዓለማየሁ ነገር ገና አላለቀም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2007 የኢትዮጵያ ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ አጽማቸው ወደ አገራቸው እንዲመለስ ጠየቁ። በ2023 የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በአካባቢው የተቀበሩትን ሌሎች ሰዎች ዕረፍት ሳያውኩ አጽሙን ማውጣት አይቻልም ብሎ መልስ ሰጠ። በ2019 የዐፄ ቴዎድሮስ ጸጉር ከእንግሊዝ ሙዚየም ወጥቶ ለኢትዮጵያ ተመልሷል፤ በ2023ም በካፒቴን ስፒዲ ዘመዶች እጅ የቆየው የልዑሉ ጉንጉን ጸጉር ለኢትዮጵያ ተሰጥቷል።

እነሆ፣ ፊታቸው በወረቀት ታትሞ በየአገሩ ሲዞር ከ150 ዓመት በላይ ሆነው፤ ሥጋቸው ግን በመጡበት መንገድ፣ በእኛ ደጋ በኩል፣ አልተመለሰም። ትምህርት ቤታችን በዚህ በበዓሉ ዓመት እያንዳንዱን ክፍል ፎቶግራፍ ሲያነሣ እኛ ስማችን ተጽፎ፣ በመምህሮቻችንና በጓደኞቻችን መካከል ቆመን እንነሣለን። ይህ ቀላል ነገር እንዳልሆነ ከልዑሉ ሕይወት ተምረናል። ስለዚህ ወላጆቻችን ይህን መጽሔት በሣጥን እንዲያኖሩልን፣ መምህሮቻችንም የልዑል ዓለማየሁን ታሪክ ከመቅደላ ጦርነት ጋር አያይዘው ለታናናሾቻችን እንዲያስተምሩልን በአክብሮት እንለምናለን።