የሊ ሲ ታሪክ፤ ከጎተራው አይጥ እስከ ጠቅላይ ሚኒስትርነት

የጥንቱን የቻይና ታሪክ በጥቂቱም ቢሆን የተማረ ሰው የመጀመሪያውን ንጉሠ ነገሥት የሺ ሁዋንግዲን ስም ሳይሰማ አይቀርም። ከእርሱ ጎን ቆሞ ሕጉን የሚያረቅቀውና መንግሥቱን የሚያደራጀው ሊ ሲ የተባለው ሰው ግን በእኛ አገር ብዙ አልታወቀም። ስለዚህ ሰው የምናውቀውም አብዛኛው ሲማ ቺየን የተባለ የታሪክ ጸሐፊ ከአንድ መቶ ዓመት ያህል በኋላ ጽፎ ካስቀረው ነው። ዘመኑ ሁሉ ከክርስቶስ ልደት በፊት ስለሆነ ከዚህ በታች የሚገኙት ዓመታት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ወደ ኋላ የሚቈጠሩ መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል እለምናለሁ።

ሊ ሲ በ280 ዓመት ገደማ ቹ በሚባለው መንግሥት ውስጥ ሻንግጻይ በምትባል ከተማ ተወለደ። በዚያን ጊዜ ቻይና አንድ አገር አልነበረችም። ሰባት ታላላቅ መንግሥታት ተከፋፍለዋት ያለ ዕረፍት ይዋጉባት ነበር። ሊ ሲም በወጣትነቱ በትውልድ አገሩ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ዝቅተኛ ጸሐፊ ሆኖ ተቀጠረ። በመሥሪያ ቤቱ መጸዳጃ ያሉት አይጦች ቆሻሻ ይበላሉ፤ ሰው ወይም ውሻ በመጣ ቁጥርም እየተርበደበዱ ይሸሻሉ። ወደ እህሉ ጎተራ በገባ ጊዜ ደግሞ ሌሎች አይጦች አየ። እነዚህ በሰፊ ጣሪያ ሥር ተቀምጠው የተከማቸውን እህል እየበሉ ማንንም ሳይፈሩ ይኖራሉ። ሊ ሲ ይህን ባየ ጊዜ የሰውም ክብርና ውርደት እንደ አይጦቹ በቆመበት ስፍራ የሚወሰን ነው ከሚል አሳብ ላይ ደረሰ። በቦሬ ገብሱን ከአይጥ ለማዳን የሚታገል የገበሬ ልጅ ይህን ሲሰማ መሳቁ አይቀርም። ሊ ሲ ግን ነገሩን ከልቡ ይዞት ሥራውን ለቀቀና ወደ ትምህርት ሄደ።

መምህሩ ሹንዚ የተባለው ስመ ጥር ሊቅ ነበረ። ያ ዘመን በጦርነት የተመሰቃቀለ ቢሆንም ሊቃውንቱ አገር እንዴት ሊገዛ እንደሚገባ አጥብቀው የሚከራከሩበት ዘመን ነበረ። ከብዙ ዓመት በፊት በ479 ዓመት የሞተው ኮንፉሽየስ፤ ገዢ ራሱ ደግ ሆኖ ከተገኘ ሕዝቡ ምሳሌውን ይከተላል፤ ቅጣትን ብቻ የሚፈራ ሕዝብ ግን ኀፍረትን አይማርም ብሎ አስተምሮ ነበር። የላኦ ዙ ተከታዮች በበኩላቸው መልካም ገዢ በሰዎች ኑሮ እምብዛም እጁን አያስገባም ይላሉ። ሹንዚ የኮንፉሽየስ ወገን ቢሆንም የሰው ተፈጥሮ ወደ ክፉ ስለሚያዘነብል በትምህርትና በሥርዓት መታረም አለበት ይል ነበር። ከደቀ መዛሙርቱ ሁለቱ፤ ማለት ሊ ሲና ሃን ፌ፤ ትምህርቱን ተቀብለው ሥርዓቱንና ደግነቱን ተዉትና ሕጉን ብቻ ያዙ። እነርሱ እንደሚሉት የመንግሥት መሠረቱ ለሁሉ እኩል የሆነ የተጻፈ ሕግ፤ የማይቀር ሽልማትና የማይቀር ቅጣት ነው።

ይህ አሳብ በምዕራብ በኩል በሚገኘው በቺን መንግሥት አስቀድሞ ተሞክሮ ነበር። በ356 ዓመት ገደማ ሻንግ ያንግ የሚባል ሚኒስትር ቤተ ሰቦቹን በአምስት በአምስትና በዐሥር በዐሥር እያቧደነ፤ አንዱ ቢያጠፋ ሌሎቹ ካላጋለጡት አብረው እንዲቀጡ አደረገ። በጦር ሜዳ ጀግንነት ያሳየ ገበሬ ማዕርግ ያገኛል፤ ያልተዋጋ መስፍን ማዕርጉን ያጣል። ቺን በዚህ ሥርዓት እጅግ በረታች። ሻንግ ያንግ ግን በ338 ዓመት ራሱ ወንጀለኛ ተብሎ ሲሸሽ፤ እርሱ ባወጣው ሕግ ምክንያት የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ሳያሳድረው ቀረ ይባላል።

ሊ ሲ ትምህርቱን ሲጨርስ ጎተራው ቺን መሆኗን አውቆ ወደዚያ ሄደ። ከመምህሩ ሲሰናበትም ከዝቅተኛነት የሚብስ ነውር፤ ከድኽነትም የሚብስ ኀዘን እንደሌለ ነገረው። በቺን በ13 ዓመቱ የነገሠው ዪንግ ዠንግ ነበረ። ሊ ሲ በመጀመሪያ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ለሉ ቡዌይ አደረ፤ ቀጥሎም ወደ ንጉሡ ቀረበ። በ237 ዓመት ግን አንድ የውጭ አገር መሐንዲስ የመስኖ ቦይ እየሠራ የቺንን ጉልበት ለማድከም የተላከ ሰላይ ሆኖ ተገኘና ንጉሡ የውጭ አገር ተወላጆች ሁሉ እንዲባረሩ አዘዘ። ሊ ሲም ከተባራሪዎቹ አንዱ ነበረ። በዚህ ጊዜ ለንጉሡ ደብዳቤ ጻፈ። ቺንን ታላቅ ያደረጓት ከውጭ የመጡ ሰዎች መሆናቸውን ቆጥሮ፤ ንጉሡ የሌላ አገር ዕንቍና ፈረስ እየወደደ የሌላ አገርን ሰው መጥላቱ ትክክል እንዳልሆነ አስረዳ። ንጉሡም ትእዛዙን ሻረ። በእኔ ግምት ሊ ሲ በሕይወቱ ከጻፈው ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው፤ ለንጉሥ የማይወደውን ነገር ነግሮ ተሰምቷልና። ቦዩም ተፈጽሞ ሰፊ ደረቅ መሬት አጠጣ፤ ቺንንም አበለጸገ።

አራት ዓመት ቆይቶ የትምህርት ጓደኛው ሃን ፌ ወደ ቺን መጣ። ሃን ፌ አንደበቱ የሚኮላተፍ፤ ብዕሩ ግን የሚያስደንቅ ሰው ነበረ፤ ንጉሡም መጻሕፍቱን አንብቦ አድንቆት ነበር። ሊ ሲ ራሱ ጓደኛው እንደሚበልጠው ያውቃል። ስለዚህ ለጠላት አገር ያደላል ብሎ ከሰሰውና አሳሰረው፤ ወደ ወህኒ ቤትም መርዝ ላከለት። ንጉሡ ተጸጽቶ እንዲፈቱት ሲያዝ ሃን ፌ ሞቶ ተገኘ።

ከ230 እስከ 221 ዓመት ድረስ ቺን ስድስቱን መንግሥታት አንድ በአንድ አጠፋች። ዪንግ ዠንግም ሺ ሁዋንግዲ፤ ማለት የመጀመሪያው ንጉሠ ነገሥት ተባለ። ሚኒስትሮቹ ሩቅ አገሮችን ለልጆቹ እንዲያከፋፍል ሲመክሩት የፍርድ ሚኒስትር የነበረው ሊ ሲ ተቃወመ፤ የዛሬ ወንድማማቾች ልጆች ነገ ጠላቶች ይሆናሉና። በምክሩም አገሪቱ በ36 ግዛቶች ተከፍላ እየተሾሙ በሚሻሩ ገዢዎች መተዳደር ጀመረች። ቀጥሎ ፊደሉ አንድ ዓይነት ሆነ፤ ሚዛንና መስፈሪያው፤ ገንዘቡና የሠረገላው መንኰራኵር ስፋት ሳይቀር አንድ ሆነ። በአንዱ ገበያ ያለው ጣሳ ከሌላው ገበያ ጣሳ ሲበልጥ ወይም ሲያንስ ያየ ሰው የዚህን ሥራ ጥቅም ለመረዳት አይቸገርም።

በ213 ዓመት ግን አንድ ሊቅ በግብዣ ላይ የጥንቱ ሥርዓት ይሻል እንደነበር ተናገረ። ያን ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው ሊ ሲ፤ በጥንቱ እያመካኘ የዛሬውን የሚነቅፍ ሁሉ ዝም እንዲል ለንጉሠ ነገሥቱ አሳሰበ። ከሕክምና፤ ከጥንቈላና ከእርሻ መጻሕፍት፤ እንዲሁም ከቺን ታሪክና ቤተ መንግሥቱ ካስቀመጣቸው በቀር በሰው እጅ የሚገኙት የድሮ ግጥሞችና ታሪኮች፤ የሊቃውንቱም መጻሕፍት እንዲቃጠሉ ታዘዘ። በ30 ቀን ውስጥ ያላቃጠለ ሰው ፊቱ ተነቅሶ ወደ ግዳጅ ሥራ ይላካል። በደብዳቤ የዳነው ሰው የደብዳቤን በር የዘጋው በዚህ ቀን ነው።

በዚያ ወራት የበኵር ልጁ ሊ ዩ ከሚገዛበት አገር ለዕረፍት መጣና ሊ ሲ ታላቅ ግብዣ አደረገ። በደጁ የቆሙት ሠረገላዎች አንድ ሺህ ያህል ነበሩ ይባላል። ሊ ሲ ግን መምህሩ ነገር ሁሉ ከመጠን እንዳይሞላ ያስጠነቅቅ እንደነበር አስታውሶ በኀዘን ተነፈሰ።

ሺ ሁዋንግዲ በ210 ዓመት በጉዞ ላይ እንዳለ ሞተ። ዙፋኑ ለዐሥር ሺህ ትውልድ እንዲቆይ የሚመኘው ንጉሥ አልጋ ወራሹን በሕዝብ ፊት አልሠየመም ነበር። ዣው ጋው የሚባለው የቤተ መንግሥት ሹም ለታላቁ ልጅ ለፉሱ የተጻፈውን ደብዳቤ ደብቆ፤ ታናሹ ሁሃይ እንዲነግሥ ሊ ሲን አግባባው። ሊ ሲ በመጀመሪያ እንቢ አለ፤ ሹመቱን እንደሚያጣ ሲነገረው ግን አልቅሶ ተስማማ። በሐሰት ደብዳቤ ፉሱ ራሱን እንዲገድል ታዘዘ፤ ገደለም። የንጉሡ ሬሳ ሽታ እንዳይታወቅ በሠረገላዎቹ ላይ የጨው ዓሣ ተጫነ። በእኛ አገር በጉጂ ገዳ ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ በሜኤ ቦኮ በጉባኤ ፊት ይተላለፋል፤ ተረካቢዎቹም አስቀድመው የታወቁ ናቸው። እንዲህ ባለ አደባባይ የተደበቀ ደብዳቤ አይሠራም። በቺን ግን የሦስት ሰዎች ምሥጢር የአንድ ታላቅ መንግሥት ንጉሥ ለመሾም በቃ።

በ209 ዓመት ወደ ግዳጅ የሚሄዱ 900 ገበሬዎች ዝናብ መንገድ ላይ አስቀራቸው። የመዘግየት ቅጣቱ ሞት ስለነበረ፤ ቢሄዱም ቢያምፁም ያው ነው ብለው ዐመፁ፤ አገሩም ሁሉ ተከተላቸው። ሊ ሲ ግንባታውና ግብሩ እንዲቀነስ አዲሱን ንጉሥ ሊመክር ሞከረ። ዣው ጋው ግን ከልጁ ጋራ ከዐማፅያን ተስማምቷል ብሎ ከሰሰው። በወህኒ ቤት ከአንድ ሺህ በላይ ግርፋት ተገርፎ ያላደረገውን አመነ። ከእስር ቤትም ደብዳቤ ጻፈ፤ ዣው ጋው እስረኛ ለንጉሥ አይጽፍም ብሎ አስጣለው። ከዚያም የራሱን ሰዎች የንጉሥ መርማሪ እያስመሰለ ላከበት። ሊ ሲ እውነቱን በተናገረ ቁጥር ተገረፈ፤ በመጨረሻ እውነተኛው የንጉሡ መልእክተኛ ሲመጣ እንደ ቀድሞው መስሎት ጥፋቱን አመነ። ከዐማፅያን ጋራ ተስማማ የተባለው ልጁ ሊ ዩ መርማሪዎች በደረሱ ጊዜ በዐማፅያን እጅ ተገድሎ ተገኘ።

በ208 ዓመት ሊ ሲ በዋና ከተማው በሺያንያንግ ገበያ ከወገቡ ላይ ለሁለት ተቆርጦ እንዲሞት ተፈረደበት። ከወህኒ ሲወጡ አብሮት ወደሚሞተው ወደ ሁለተኛው ልጁ ዞረና፤ ቢጫ ውሻቸውን አስከትለው በሻንግጻይ ምሥራቃዊ በር ጥንቸል ለማደን ዳግመኛ መውጣት እንደማይችሉ ነገረው። አባትና ልጅ ተላቀሱ። ዘመዶቹም ሁሉ ተገደሉ።

ሁሃይ በ207 ዓመት በዣው ጋው ተንኰል ሞተ፤ ዣው ጋውም ወዲያው ተገደለ፤ የቺን መንግሥትም በሚቀጥለው ዓመት ፈረሰ። በስፍራው የተተካው የሃን መንግሥት የሊ ሲን ግዛቶች አብዛኛውን፤ ፊደሉንና መስፈሪያውን አስቀረ፤ የመጻሕፍቱን ክልከላ ግን በ191 ዓመት ሻረ። በዚያን ጊዜ ፉ ሸንግ የተባለ ሽማግሌ ሊቅ በቤቱ ግድግዳ ውስጥ ደብቆት የነበረውን የታሪክ መጽሐፍ ቢፈልግ ብዙው ጠፍቶ 29 ምዕራፍ ብቻ አገኘ፤ በእርሱም ማስተማር ጀመረ።