ስለ ቅዱስ ባስልዮስ ኑሮ

ካህናትና ምእመናን ስሙን በቅዳሴው የምታውቁት ቅዱስ ባስልዮስ በአውሮፓ አቆጣጠር በ330 ዓመት ገደማ በቀጰዶቅያ አገር በቂሣርያ ከባለጸጋ ክርስቲያን ወገን ተወለደ። በአቴናም ከባልንጀራው ከጎርጎርዮስ ጋራ የንግግርን ጥበብ ተምሮ ሲመለስ በትምህርቱ ይመካ ነበር። ይህን አይታ ወደ ምንኩስና የመለሰችው እኅቱ ማክሪና ናት፤ የአቴና መምህራን ያላስተማሩትን እርስዋ አስተማረችው ብንል ሐሰት አይሆንም።

በ369 ገደማ ረኃብ በጸና ጊዜ ገና ቄስ ነበር። ባለጸጎች ዋጋው እስኪወደድ እህላቸውን ቢዘጉ፥ እርሱ በስብከቱ ገሥጾ ጎተራቸውን አስከፈተ፤ በታላላቅ ድስትም የአተር ወጥ አሠርቶ ወገቡን ታጥቆ ለተራቡት በእጁ አደለ። በ370 ጳጳስ ከተሾመ በኋላ ከከተማው ውጭ ለድኆች፥ ለእንግዶችና ለሕሙማን ቤት አሠራ። ዘመድ እንኳ የሸሻቸውን ለምጻሞች ይስማቸው ነበር። በ379 ሲያርፍ ዕድሜው ገና ሃምሳ ዓመት ገደማ ነበረ፤ በቀብሩም ቀን ከክርስቲያኖች ጋራ አይሁድና አረማውያን አለቀሱ።