ዶክተር ማሪያ ሞንቴሶሪና የሕፃናት ሒሳብ

አንድ የአምስት ዓመት ልጅ እስከ ሃያ በቃሉ ሲቆጥር ብንሰማ ሒሳብ ያወቀ ይመስለናል። አምስት ባቄላ አምጣ ስንለው ግን እፍኝ ሙሉ ዘግኖ ይሰጠናል። ቁጥር ከአፍ በፊት በእጅ መታወቅ አለበት ብለው ከተነሡት ሰዎች አንዷ ዶክተር ማሪያ ሞንቴሶሪ ናቸው።

ሞንቴሶሪ እ.ኤ.አ. በ1870 በኢጣሊያ ተወለዱ። ሴት ሐኪም ብርቅ በነበረበት ዘመን፣ በ1896 ከሮም ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመረቁ። በሥራቸው ላይ አእምሯቸው ደካማ ነው ተብለው ከአእምሮ ሕሙማን ጋር የተዘጋባቸውን ሕፃናት አገኙ። እነዚህንም በሚዳሰስና በሚጨበጥ ዕቃ ቢያስተምሯቸው አንዳንዶቹ ማንበብና መጻፍ ቻሉ።

በጥር 1907 ሳን ሎሬንዞ በተባለው የሮም የድሆች ሠፈር የመጀመሪያውን የሕፃናት ቤት ከፈቱ። በዘዴያቸው ልጆች መጀመሪያ ቀለምን ከቀለም፣ ረጅሙን ካጭሩ፣ ወፍራሙን ከቀጭኑ እየለዩ ይደረድራሉ። ይህን ሲለምዱ ወደ ቁጥር ይሻገራሉ። ከዜሮ እስከ ዘጠኝ በተጻፈበት ሣጥን ውስጥ 45 እንጨቶችን በየቁጥሩ ይከፋፍላሉ። የዜሮው ክፍል ባዶውን ይቀራል፤ ዜሮ ምን ማለት እንደሆነ ያን ጊዜ ይገባቸዋል።

የሙሶሊኒ መንግሥት በመጀመሪያ ሥራቸውን ደግፎ ነበር። ኋላ ግን ተጣሉና በ1934 አገራቸውን ለቀው ወጡ። በዓመቱ ያው መንግሥት አገራችንን ወረረ። እንግዲህ የጣሊያን ዘዴ ነው ብሎ የሚያኮርፍ ቢኖር ይህን ያስታውስ። ሞንቴሶሪ ከ1939 ጀምሮ በሕንድ አገር መምህራንን ሲያሠለጥኑ ቆይተው በ1952 በሆላንድ አረፉ።

እጩ መምህራን! መሣሪያው ከውጭ እስኪመጣ አንጠብቅ። በአምቦ የውሃ ጠርሙስ ቆርኪ ሞልቷል፤ በጊንጪና በጌዶ ገበያም ባቄላ፣ ሽምብራና በቆሎ አይጠፋም። ደባልቀን እንስጣቸው፤ ይለዩ፣ ይደርድሩ፣ ከዚያ ይቁጠሩ። ብቻ ትንንሹን ነገር ወደ አፍና አፍንጫቸው እንዳይከቱት ዐይናችንን ከነሱ አንንቀል።

ይህ ልጅ ሒሳብ አይገባውም ከማለታችን በፊትም፣ በእጁ የሚይዘው ነገር ሰጥተነው እንደሆነ ራሳችንን እንጠይቅ።