አበበ ቢቂላን በዝግታ ያስሮጠው ጃፓናዊ

ከነቀምቴ እስከ አዲስ አበባ፣ አበበ ቢቂላ ቶኪዮ ላይ የሠራውን ታሪክ ያልሰማ ሰው ማግኘት ይቸግራል። ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ስድስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው፣ ኦክቶበር 21 ቀን 1964 (እ.ኤ.አ.) ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ጨርሶ፣ ተከታዩን ከአራት ደቂቃ በላይ ጥሎ ገባ። ከዚያም ሜዳው ላይ ሰውነቱን ያፍታታ ጀመር። ያንን ሩጫ ከዓይናችን እንዳይጠፋ አድርጎ ያስቀረልን ማን እንደሆነ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ሰውየው ኮን ኢቺካዋ ይባላል።

ኢቺካዋ በ1915 በጃፓን ሚዬ ግዛት ተወለደ። ቤተሰቡ የኪሞኖ ሱቅ ነበረው። ገና የአራት ዓመት ልጅ ሳለ አባቱ ሞቱ፤ ሱቁም ከሰረ። ልጁ እህቱ ዘንድ ሄዶ አደገ። ምኞቱ ሠዓሊ መሆን ነበር። ልቡን ወደ ሲኒማ የሳቡት የዋልት ዲስኒ አጫጭር የካርቱን ፊልሞች ናቸው። በእነዚያ ፊልሞች ሥዕሉ የሚንቀሳቀሰው ሙዚቃውን እየተከተለ ነው። በ1933 ኪዮቶ በሚገኝ ስቱዲዮ በካርቱን ሠሪነት ተቀጠረ። የመጀመሪያ ፊልሙም ከካቡኪ ቲያትር የተወሰደ የአሻንጉሊት ፊልም ነበር። ሥራው ያለቀው ግን ጃፓን ተሸንፋ አሜሪካኖች በገቡበት ጊዜ ስለነበር፣ ጽሑፉ አስቀድሞ አልቀረበም ተብሎ ተወረሰበት።

በ1948 ናቶ ዋዳ የምትባል የስቱዲዮ ተርጓሚ አገባ። ይህ ጋብቻ ሕይወቱን ብቻ ሳይሆን ሥራውንም ለወጠው። ልብ ወለዶችን ወደ ፊልም ጽሑፍ የምትለውጥለት እሷ ነበረች። ከሁሉም ቀድሞ ስሙን ከጃፓን ውጭ ያስጠራው በ1956 የወጣው የበርማው በገና ነው። መነሻው የሚቺዮ ታኬያማ ልብ ወለድ ሲሆን፣ በገና ደርዳሪ ስለሆነ አንድ ወታደር ይተርካል። ጃፓኖቹ ወታደሮች አንድ መንደር ውስጥ ተከበው ሳለ ከእንግሊዝ የመጣ የቤት ናፍቆት ዜማ በራሳቸው ቋንቋ ይዘምራሉ፤ ከጫካው ያሉት እንግሊዞችም ያንኑ ዜማ በእንግሊዝኛ ይቀበሏቸዋል። ጥይት ሳይተኮስ ያድራል። ወታደሩ ግን በኋላ በየሜዳው የቀረውን ሬሳ ባየ ጊዜ ወደ አገሩ መመለስ አልቻለም፤ መነኩሴ ሆኖ ሙታንን ሊቀብር እዚያው ቀረ። ፊልሙ በቬኒስ ተሸለመ፤ ለኦስካርም ታጨ።

ከዚያ ወዲህ ኢቺካዋ የአገሩን ደራስያን አንድ በአንድ አዳረሳቸው። በ1958 የዩኪዮ ሚሺማን ወርቃማው ቤተ መቅደስ፣ በ1959 ደግሞ የሾሄ ኦካን የጦር ሜዳ ልብ ወለድና የጁንኢቺሮ ታኒዛኪን ቁልፍ ሠራ። የሚሺማውን ፊልም ሙዚቃ የደረሰው ቶሺሮ ማዩዙሚ ከስድስት ዓመት በኋላ ለኦሊምፒኩም አብሮት ተሰለፈ።

የኦሊምፒኩ ፊልም በመጀመሪያ የታሰበው ለአኪራ ኩሮሳዋ ነበር። በበጀት ጉዳይ ሳይሆን ቀረና ሥራው ለኢቺካዋ ደረሰ። እሱም ከ100 በላይ ካሜራ ሠሪዎች አሰማርቶ ማን ስንተኛ ወጣ ከሚለው ይልቅ ሰውን ፈለገ። ከአዲሲቱ ቻድ የመጣውን ሯጭ በመመገቢያ አዳራሽ ብቻውን ሲበላ ተከተለው። በማራቶኑ በጥም የተቃጠሉትን፣ የወደቁትንና ያቋረጡትን አሳየ። አበበ ላይ ሲደርስ ግን ካሜራው ቀርቦ፣ ፊቱን ብቻ ይዞ፣ እርምጃውን አዘግይቶ ለረጅም ጊዜ አብሮት ይቆያል። ያ የማይለዋወጥ ፊትና ላቡ ከማንኛውም ሰዓት መቁጠሪያ የበለጠ ይናገራሉ።

አሠሪዎቹ ግን አልወደዱትም። የኦሊምፒኩ ሚኒስትር ኢቺሮ ኮኖ በ1965 ፊልሙን አይተው ለታሪክ መዝገብ አይሆንም ሲሉ በአደባባይ ነቀፉት። የተፈለገው የአሸናፊዎች፣ የሜዳሊያና የአዲሶቹ ስታዲየሞች ማስረጃ ነበር። ታዋቂዋ ተዋናይት ሂዴኮ ታካሚኔ ተነስታ ተከራከረችለት፤ ሚኒስትሩንም ድረስ ሄዳ አነጋገረቻቸው። ሕዝቡም ፈረደ፤ ሚሊዮኖች ሲኒማ ቤት ገብተው አዩት። ናቶ ዋዳ ግን ከዚያ ፊልም በኋላ ለባሏ መጻፏን አቆመች። በ1983 በካንሰር ሞተች።

ኢቺካዋ ሥራውን አላቆመም። የበርማውን በገና በ1985 በቀለም ደግሞ ሠራው፤ የመጨረሻ ፊልሙን በ2006 ሲያወጣ ዕድሜው 90 አልፎ ነበር። ፌብሩዋሪ 13 ቀን 2008 በ92 ዓመቱ ቶኪዮ ውስጥ አረፈ።

በዚያ ማራቶን ስታዲየም ውስጥ ተቀድሞ ሦስተኛ የወጣው ጃፓናዊው ኮኪቺ ጹቡራያ በ1968 ራሱን አጠፋ። አበበም በ1969 በመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ሆኑ፤ በ1973 አረፈ። ሚኒስትሩ የጠየቁት ዓይነት መዝገብ ቢሆን ኖሮ ከሁለቱም የሚተርፈው ቁጥር ብቻ ነበር። ኢቺካዋ ለእነሱ ፊታቸውን አቆየላቸው። አበበ እዚያ ፊልም ውስጥ ዛሬም በሁለት እግሩ ይሮጣል።